የእንቅልፍ ኪኒን፦ ከመጀመራችሁ በፊት የሚቆምበትን ቀን ቁረጡ

ዞልፒደም የሚባል የእንቅልፍ ኪኒን አለ፤ አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችን «አምቢየን» በሚለው የንግድ ስሙ ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በ1992 አሜሪካ ውስጥ ሲፈቀድ ለወንዱም ለሴቷም የሚታዘዘው መጠን እኩል፣ 10 ሚሊ ግራም ነበር። ሃያ ዓመት ያህል እንዲሁ ሲዋጥ ከቆየ በኋላ፣ በጃንዋሪ 2013 ኤፍዲኤ የሚባለው የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት የሴቶቹ መጠን በግማሽ ተቀንሶ 5 ሚሊ ግራም እንዲሆን አደረገ። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመተ ምሕረቶችም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ምክንያቱ በጣም ይገርማል። 10 ሚሊ ግራም ውጠው ከተኙ ሰዎች፣ ስምንት ሰዓት ያህል ቆይቶ ደም ተወስዶ ሲመረመር፣ ከሴቶቹ 15 በመቶ በሚሆኑት፣ ከወንዶቹ ደግሞ 3 በመቶ በሚሆኑት ደም ውስጥ መኪና መንዳትን ለማወክ የሚበቃ መድኃኒት ተገኘ። የሴቶች ሰውነት ዞልፒደምን ቀስ ብሎ ነው የሚያስወግደው። በዚያ ላይ ሰውየው «አሁን ነቅቻለሁ» ብሎ ቢያምንም እጁና ዓይኑ ገና ከመድኃኒቱ ላይላቀቁ ይችላሉ። ማታ የተዋጠው ኪኒን ጠዋት መሪው ጋ አብሮ ይቀመጣል ማለት ነው።

የእንቅልፍ ኪኒን ሲነሣ ሁላችንም የምናስበው ስለ ሌሊቱ ነው። አደጋው ግን በብዛት የሚመጣው ጠዋት ላይ፣ ከዚያም ከወራት በኋላ «በቃኝ፣ ልተወው» ሲባል ነው። ወዳጆቼ፣ ዛሬ ላስረዳችሁ የምፈልገው ይህንኑ ነው። በሐኪም ታዝዞ፣ በልኩና በሰዓቱ፣ የሚያበቃበት ቀን ተቆርጦለት ሲወሰድ የእንቅልፍ ኪኒን ደኅና አጋዥ ነው። የሚያበቃበት ቀን ሳይታወቅ ሲጀመር ግን ራሱ ሌላ ሕመም ይሆናል። ለምን እንደዚያ እንደሚሆን ለመረዳት ኪኒኑን ከጉሮሮ እስከ አንጎል መከተል ያስፈልጋል።

አንጎል ውስጥ ምን ይሠራል?

አንጎላችን የሚያነቃቁትም የሚያረጋጉትም የራሱ ኬሚካሎች አሉት። ከሚያረጋጉት ዋነኛው ጋባ ይባላል። በነርቭ ሕዋሶች ላይ ጋባ የሚያርፍባቸው ተቀባዮች አሉ፤ ጋባ ሲያርፍባቸው ተከፍተው ክሎራይድ ወደ ሕዋሱ ያስገባሉ፣ ሕዋሱም ረጋ ይላል። የአንጎል ፍሬን በሉት። ዳያዚፓምን የመሰሉት፣ ቤንዞዳያዚፒን የሚባሉት መድኃኒቶች፣ እንዲሁም ዞልፒደም እዚያው ተቀባይ ላይ፣ ከጋባ ቦታ ጎን ይለጠፋሉ። ከዚያ ጋባ ባረፈ ቁጥር ፍሬኑ ከወትሮው ጠንክሮ ይይዛል።

ከእነሱ በፊት የነበሩት ባርቢቹሬቶች ናቸው። ከ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አንሥቶ ለአሥርት ዓመታት ዓለም የተኛው በእነሱ ነበር። ባርቢቹሬት መጠኑ ከፍ ሲል የጋባን መምጣት አይጠብቅም፤ ራሱ ተቀባዩን ከፍቶ ይይዘዋል። በዚህ ምክንያት በሚያስተኛው መጠንና ትንፋሽ በሚያቆመው መጠን መካከል ያለው ርቀት ጠባብ ነው። የፊልም ተዋናይዋ ማሪሊን ሞንሮ በ1962 የሞተችው በዚህ ዓይነት መድኃኒት ነው። በዚያው ዘመን የሆፍማን ላ ሮሽ ኬሚስት የነበረው ሊዮ ስተርንባክ ቤንዞዳያዚፒኖችን አገኘ፤ ሊብሪየም በ1960፣ ቫሊየም፣ ማለትም ዳያዚፓም፣ በ1963 ገበያ ላይ ዋሉ። እነዚህ ያለ ጋባ ብቻቸውን ተቀባዩን ስለማይከፍቱት፣ ለብቻቸው ሲወሰዱ ከባርቢቹሬት እጅግ የተሻሉ ናቸው። «ለብቻቸው» የምትለዋን ቃል አስምሩባት፤ በኋላ እንፈልጋታለን።

ሌላ መንገድ የያዙ አዳዲሶችም አሉ። በ1998 ጃፓናዊው ማሳሺ ያናጊሳዋ እና ባልደረቦቹ ኦሬክሲን የተባለውን ኬሚካል አገኙ። ኦሬክሲን አንጎልን «አትተኛ፣ ንቃ» የሚል መልእክት አስተላላፊ ነው። በ2014 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው ሱቮሬክሳንት ይህን መልእክት ያግዳል። ፍሬኑን አይነካውም፤ የንቃቱን ግፊት ነው የሚቀንሰው። እሱም ቢሆን በማዘዣ ብቻ የሚሰጥ፣ በማግስቱ ማንጎላጀት ሊያስከትል የሚችል መድኃኒት ነው።

ስንት ደቂቃ ያተርፋል?

ይህን ቁጥር ብዙ ሰው ሲሰማ አያምንም። በ2012 ቢኤምጄ የተባለው የብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ላይ ለኤፍዲኤ የቀረቡ 13 ሙከራዎችን አንድ ላይ ያጠና ሥራ ወጣ። በእንቅልፍ መመዝገቢያ መሣሪያ ሲለካ፣ እነ ዞልፒደም ሰውን የሚያስተኙት ምንም መድኃኒት ከሌለበት ባዶ ኪኒን ይልቅ በአማካይ 22 ደቂቃ ቀድመው ነው። ባዶውን ኪኒን የዋጡትም ከበፊታቸው ተሽሏቸው ነበር፤ መድኃኒት ወስጃለሁ ብሎ ጋደም ማለት በራሱ ያረጋጋልና።

ለብዙ ሌሊት እንቅልፍ በዓይኑ ሳይዞር ለነጋበት ሰው 22 ደቂቃ ዋጋ አላት። ቁጥሩን የነገርኳችሁ ግን ከኪኒኑ የማይገባ ነገር እንዳትጠብቁ ነው። «አንዷ ካልሠራች ሁለት ልዋጥ» የሚለው ሐሳብ የሚመጣው ኪኒኑ የሞላ ሌሊት ይሰጣል ብሎ ከማመን ነው። መጠኑ ሲጨመር እንቅልፉ ያን ያህል አይጨምርም፤ የጠዋቱ መንገዳገድና የመርሳቱ ነገር ግን ይጨምራል። ያልሠራ ኪኒን ሐኪሙ ጋ ተመልሶ «አልሠራም» ይባላል እንጂ በራስ ሥልጣን አይደረብም።

የሰኞዋ ኪኒን ረቡዕም አለች

የእንቅልፍ ኪኒኖች አንዱ ከሌላው በሰፊው የሚለያየው ሰውነት ውስጥ በሚቆይበት ጊዜ ነው። ዞልፒደም በደም ውስጥ ያለው መጠን በግማሽ ለመቀነስ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጅበታል። በአገራችን ስሙ ይበልጥ የሚታወቀው ዳያዚፓም ግን ሌላ ነው። በ1975 የወጣ ጥናት የዳያዚፓም መጠን በግማሽ ለመቀነስ በ20 ዓመት ወጣት 20 ሰዓት ያህል፣ በ80 ዓመት አዛውንት ደግሞ 90 ሰዓት ያህል እንደሚፈጅበት አሳይቷል። በዚያ ላይ ጉበት ሲሰባብረው የሚወጣው ተረፈ መድኃኒት ራሱ የማደንዘዝ ኃይል አለው፤ እሱም ቶሎ አይሄድም።

አሁን አንዲት የ80 ዓመት እናት አስቡ። ሰኞ ማታ አንድ ፍሬ ይውጣሉ። ማክሰኞ ማታ የሰኞዋ ከግማሽ በላይ ሳለች ሌላ ይጨመርባታል። ረቡዕ ማታ ሦስተኛዋ ትመጣለች። ዓርብ ጠዋት እማማ ለቤተ ክርስቲያን ሲነሡ የሚራመዱት የአራት ሌሊት ክምችት ተሸክመው ነው። ደጁ ላይ ያለው ደረጃ ያዳልጣቸዋል፤ የልጅ ልጃቸው ስም ይጠፋባቸዋል፤ ንግግራቸው ይጎተታል። ቤተሰብ ደግሞ «እርጅና ነው፣ ምን ይደረጋል» ይላል። የአሜሪካ የአረጋውያን ሐኪሞች ማኅበር ቢርስ በሚባለው ዝርዝሩ ላይ ቤንዞዳያዚፒኖችም እነ ዞልፒደምም ለአረጋውያን እንዲቀሩ የሚመክረው በዚሁ ነው፤ መውደቅ፣ የዳሌ አጥንት መሰበር፣ የአእምሮ መደናገር ስለሚያስከትሉ።

እናታችሁ ወይም አባታችሁ በድንገት መርሳት ከጀመሩ ወይም ደጋግመው ከወደቁ፣ ከራስጌያቸው ያለውን የመድኃኒት ከረጢት ክፈቱና ምን እንደሚውጡ ተመልከቱ። አንዳንዴ እርጅና የተባለው ነገር ከረጢቱ ውስጥ ይገኛል።

እዚህ ላይ ስለ ሁለት ኪኒኖች ልጨምር። አንደኛው አሚትሪፕቲሊን ነው፤ የተሠራው ለድብርት ነው፣ ለነርቭ ሕመምም ይታዘዛል፣ እንቅልፍ ስለሚያመጣ ግን ለዚያም ይሰጣል። ከልክ በላይ ከተወሰደ ልብን ክፉኛ ስለሚጎዳ ለጎረቤት የሚበደር ኪኒን አይደለም። ሁለተኛው ዳይፈንሃይድራሚን ነው፤ ከአሜሪካ በሻንጣ የሚመጡት «ፒኤም» ተብሎ የተጻፈባቸው የሕመም ማስታገሻዎች ውስጥ ያለው እሱ ነው። ያለ ማዘዣ ስለሚሸጥ ቀላል ይመስላል፤ ግን በጥቂት ቀናት ውስጥ እንቅልፍ የማምጣት ኃይሉ ይደክማል፣ በአረጋውያን ላይ ደግሞ መርሳትና የሽንት መታገድ ያመጣል። የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ በ2017 መመሪያው ለእንቅልፍ ማጣት አትጠቀሙበት ካላቸው አንዱ ነው።

ሰዓት መቁጠር

የዞልፒደም መመሪያ ላይ የተጻፈው ግልጽ ነው፤ ለመነሣት ቢያንስ ከ7 እስከ 8 ሰዓት ካልቀረ አይዋጥም። በእኛ ሰዓት እንቁጠረው። ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ የዋጠ ሰው ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሲነሣ ስምንት ሰዓት ሞልቶለታል። ያው ሰው እስከ እኩለ ሌሊት ሲገላበጥ ቆይቶ 6 ሰዓት ላይ «እንግዲህ ልዋጣት» ቢልና ለኪዳን 11 ሰዓት ላይ ቢነሣ ያገኘው አምስት ሰዓት ነው፤ ቤተ ክርስቲያን የሚደርሰው መድኃኒቱ ገና እየሠራ ነው። በረመዳን ለሱሑር የሚነሣ ሰው፣ ሌሊት ማሕሌት የሚቆም ሰው፣ ጎህ ሳይቀድ ታክሲ የሚያወጣ ሾፌር፣ ሁሉም ማዘዣውን ሲቀበሉ ይህን ለሐኪሙ መንገር አለባቸው። ሐኪሙ ካልተነገረው የመነሻ ሰዓታችሁን አያውቅም።

ሁለት ትንንሽ ነገሮች አሉ። ዞልፒደም በጠገበ ሆድ ላይ ሲዋጥ የሚሠራበት ሰዓት ይዘገያል፤ እራት በልቶ ወዲያው መዋጥ ጥሩ አይደለም። ደግሞም የሚዋጠው አልጋው ተነጥፎ፣ በሩ ተቆልፎ፣ ምድጃው ጠፍቶ፣ ልትተኙ ስትሉ ነው። ውጦ ቴሌቪዥን ማየት ወይም ስልክ መነካካት ከባድ ስሕተት ነው። በመድኃኒቱና በእንቅልፉ መካከል ባለችው ጊዜ ሰው ያደረገውን ላያስታውስ ይችላል።

ከዚህም የሚከፋ አለ። ኤፍዲኤ በኤፕሪል 2019 በዞልፒደምና የእሱ ወገን በሆኑት በኤስዞፒክሎንና በዛሌፕሎን ላይ ጥብቅ የሆነውን የሣጥን ማስጠንቀቂያ አስቀመጠ። ምክንያቱም ሳይነቁ ከአልጋ ተነሥተው የሚራመዱ፣ የሚያበስሉ፣ መኪና አስነሥተው የሚነዱ ሰዎች ስለነበሩ ነው። በ26 ዓመት ውስጥ 66 ከባድ ጉዳት ያስከተሉ አጋጣሚዎች ተመዝግበዋል፤ ከእነዚህ 20ዎቹ በሞት ያበቁ ናቸው። ቁጥሩ ከተጠቃሚው ብዛት አንጻር ትንሽ ነው፤ ግን በመጀመሪያዋ ፍሬና በዝቅተኛው መጠን የደረሰባቸውም አሉበት። አንድ ጊዜ እንኳ ሌሊት ተነሥታችሁ ያደረጋችሁትን ጠዋት ካላስታወሳችሁ መድኃኒቱን አቁማችሁ ለሐኪሙ ንገሩ፤ ያንን መድኃኒት ዳግመኛ አትጀምሩትም።

ከምን ጋር አይገናኝም?

ቅድም ያሰመራችሁባት «ለብቻቸው» የምትለው ቃል ጉዳይ እዚህ ላይ ነው። አልኮልም የሚሠራው እዚያው የጋባ ተቀባይ ላይ ነው። ቢራ ይሁን ጠጅ ወይም አረቄ፣ ከእንቅልፍ ኪኒን ጋር ሲገናኝ ፍሬኑ በሁለት እግር ይረገጣል፤ የሚቀንሰውም ትንፋሽ ነው። ጫት ቅሞ ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ ላይ የሚቀመጥና በላዩ ዳያዚፓም የሚጨምር ወጣት፣ የሚያነቃውንና የሚያደነዝዘውን እርስ በርስ የሚያጣፋ ይመስለዋል። ጫቱ ቀድሞ ይለቀዋል፤ አልኮሉና ኪኒኑ ግን አብረው ይቀራሉ።

ከኦፒዮይድ ማስታገሻዎች ጋር መውሰዱም እንደዚያው ነው፤ ትራማዶልና ኮዴይን ከእነዚህ ወገን ናቸው። ኤፍዲኤ በ2016 ቤንዞዳያዚፒንና ኦፒዮይድ አንድ ላይ መወሰዳቸው ትንፋሽ እስከማቆም ሊያደርስ እንደሚችል በሣጥን ማስጠንቀቂያ አስፍሯል። የወገብ ሕመምን አንድ ሐኪም፣ እንቅልፍን ሌላ ሐኪም ሲያክም፣ ሁለቱን ማዘዣ የሚያገናኛቸው እናንተው ናችሁ። የምትወስዱትን ሁሉ ይዛችሁ ሂዱ።

ለእኛ አገር በተለይ የሚገባ አንድ ሌላ ነገር አለ። የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና ውስጥ ያለው ሪፋምፒሲን ጉበት ዞልፒደምን ቶሎ ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርጋል፤ ስለዚህ ኪኒኑ የማይሠራ ይመስላል። ታካሚው በራሱ መጠን ጨምሮ ከቀጠለ፣ የነቀርሳው ሕክምና አልቆ ሪፋምፒሲን ሲቆም ያው መጠን በድንገት ይበዛበታል። በተቃራኒው ክላሪትሮማይሲንን የመሰሉ አንቲባዮቲኮችና አንዳንድ የፈንገስ መድኃኒቶች የአንዳንዶቹን የእንቅልፍ ኪኒኖች መጠን በደም ውስጥ ከፍ ያደርጋሉ። ፋርማሲስቱን «ከዚህ ጋር ይስማማል ወይ?» ብሎ መጠየቅ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

ክፉኛ የሚያንኮራፋ፣ በእንቅልፉ መካከል ትንፋሹ ቆም እያለ የሚያጓራ ሰውም ሳይመረመር አይዋጥ። እነዚህ መድኃኒቶች የጉሮሮ ጡንቻ ያላላሉ፤ ችግሩ የአየር ቧንቧ መዘጋት ከሆነ ኪኒኑ ያባብሰዋል። ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም የምታጠባ እናትም ይህን ሳትናገር ማዘዣ አትቀበል። ራሱን የመጉዳት ሐሳብ የሚመላለስበት ሰው ደግሞ ይህን ለሐኪሙ ሊነግረው ይገባል፤ የሚታከመው ድብርቱ ነው፣ ኪኒኑም በትንሽ በትንሹ፣ በቤተሰብ እጅ ሆኖ ነው የሚሰጠው። ልጆች ባሉበት ቤት መድኃኒቱ ቁልፍ ባለው ቦታ ይቀመጥ።

መውጣቱ

ፍሬኑ በየሌሊቱ በመድኃኒት ሲጠናከር አንጎል ዝም ብሎ አያይም፤ ተቀባዮቹን ያላምዳቸዋል። ያኔ ያው መጠን እንደ መጀመሪያው አይሠራም። ሰውየው በድንገት ሲያቆም ደግሞ መድኃኒቱ ይሄዳል፣ የተዳከመው የራስ ፍሬን ግን ገና አላገገመም፤ ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ከሕክምናው በፊት ከነበረውም የባሰ እንቅልፍ አልባ ይሆናሉ። ሐኪሞች ይህን ተመላሽ እንቅልፍ ማጣት ይሉታል። የሚያልፍ ነገር ነው፤ ሰው ግን «አያችሁ፣ ያለ ኪኒን መተኛት አልችልም» ብሎ ይደመድምና ይመለሳል። ብዙ ሰው ዓመታት የሚቆየው በዚህች አንዲት የተሳሳተ ትርጉም ምክንያት ነው።

ለጥቂት ቀናት ብቻ የወሰደ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ያለ ችግር ያቆማል። ለወራት የወሰደ ግን በድንገት ማቆም የለበትም። በተለይ ቤንዞዳያዚፒን በድንገት ሲቋረጥ መንቀጥቀጥ፣ ከባድ ጭንቀት፣ አልፎም የሚጥል በሽታን የመሰለ መንፈራገጥ ሊያመጣ ይችላል፤ ኤፍዲኤ በ2020 ማስጠንቀቂያውን ያጠናከረው በዚህና በሱሰኝነቱ ጉዳይ ነው። በ2025 የወጣው የአሜሪካ የሐኪሞች የጋራ መመሪያ መጠኑ በየሁለት እስከ አራት ሳምንቱ ከ5 እስከ 10 በመቶ እየተቀነሰ እንዲሄድ ይመክራል። ዝግ ያለ መንገድ ነው፣ ከሐኪም ጋር የሚሄዱት መንገድ ነው፣ ግን ያደርሳል።

ተስፋ የሚሰጥ ማስረጃም አለ። በካናዳዋ ኩቤክ፣ ቤንዞዳያዚፒን ለረጅም ጊዜ የወሰዱ ከ65 ዓመት በላይ የሆናቸው ሰዎች ላይ የተሠራና በ2014 የታተመ ጥናት ነው። ለግማሾቹ የተሰጣቸው መረጃ የያዘ አንድ አነስተኛ መጽሐፍ ነበር፤ መድኃኒቱ በዕድሜያቸው ምን እንደሚያመጣ፣ ቀስ በቀስ እንዴት እንደሚቀነስ የሚያስረዳ፤ ከሐኪማቸው ወይም ከፋርማሲስታቸው ጋር እንዲነጋገሩም ይጋብዛል። ከስድስት ወር በኋላ መጽሐፉ ከደረሳቸው 27 በመቶ ሙሉ በሙሉ አቁመው ነበር፤ ካልደረሳቸው ያቆሙት 5 በመቶ ናቸው። ተጨማሪ 11 በመቶ መጠናቸውን ቀንሰዋል። ይህን ጥናት የምወደው ስለ መድኃኒቱ በግልጽ የተነገራቸው አዛውንቶች በራሳቸው ምን ያህል መሥራት እንደቻሉ ስላሳየ ነው።

ከሁሉ የሚቀለው ግን ገና ከመነሻው ቀን መቁረጥ ነው። ብሪታንያ ውስጥ ከ1988 ጀምሮ ለሐኪሞች የተሰጠው ምክር ቤንዞዳያዚፒን ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ብቻ እንዲታዘዝ ነው፤ የአውሮፓ መመሪያም በጥቅሉ ከአራት ሳምንት እንዳይዘል ይላል። ማዘዣ ስትቀበሉ የመጨረሻዋን ቀን በቀን መቁጠሪያ ላይ አስፍሩ፤ ለቤተሰባችሁም ንገሩ።

እንቅልፉን የሚመልሰው

በ2016 የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ ለቆየ እንቅልፍ ማጣት የመጀመሪያው ሕክምና ኪኒን እንዳይሆን መክሯል። የቆየ የሚባለው በሳምንት ቢያንስ ሦስት ሌሊት፣ ለሦስት ወርና ከዚያ በላይ የዘለቀ ሲሆን ነው። ቅድሚያ የተሰጠው የእንቅልፍ ልማድንና አስተሳሰብን የሚያክም የምክር ሕክምና ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከአራት እስከ ስምንት ቀጠሮ ይወስዳል። በ1999 ቻርልስ ሞሪን የተባለው ካናዳዊ ተመራማሪ ይህን ሕክምና፣ ቴማዜፓም የተባለውን ኪኒንና ሁለቱን አንድ ላይ በአረጋውያን ላይ አነጻጽሯል። መጀመሪያ ላይ ሁሉም ረድተዋል። ቆይቶ ሲታይ ግን ለውጡን ይዘው የቆዩት የምክር ሕክምናውን ያገኙት ናቸው።

ከሕክምናው ውስጥ ቤት ሊጀመሩ የሚችሉ ነገሮች አሉ። በየቀኑ፣ እሑድንም ጨምሮ፣ በአንድ ሰዓት መነሣት፤ ሌሊቱ ምንም ቢከፋ። አልጋን ለእንቅልፍ ብቻ መተው፤ ሒሳብ፣ ስልክና ክርክር ከአልጋ ይውረዱ። ሃያ ደቂቃ ገደማ ተገላብጣችሁ እንቅልፍ እምቢ ካለ ተነሥታችሁ በደብዛዛ ብርሃን መቀመጥና ዓይን ሲከብድ መመለስ። ይህን የመጨረሻውን ሪቻርድ ቡትዚን የተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያ በ1972 ነው ያቀረበው፤ ዓላማው አንጎል አልጋን ከመጨነቅ ጋር ማያያዙን እንዲተው ነው። እነዚህ ነገሮች ውጤታቸው በአንድ ሌሊት አይታይም፤ የመጀመሪያው ሳምንት እንዲያውም ያደክማል። ኪኒኑ አጋዥ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው፤ ልማዱ ሥር እስኪይዝ ለአጭር ጊዜ ይደግፋል።

ቡናውንም እንነጋገርበት። ካፌይን በደም ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ አምስት ሰዓት ያህል ይፈልጋል። በ2013 የወጣ ጥናት 400 ሚሊ ግራም ካፌይን ከመኝታ ስድስት ሰዓት በፊት ሲወሰድ እንኳ ከአንድ ሰዓት በላይ እንቅልፍ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ስለዚህ አመሻሽ ላይ ከአቦል እስከ በረካ ጠጥቶ ማታ ኪኒን መዋጥ ራስን ከራስ ማጣላት ነው። ቡናው ይፈላ፣ ጎረቤቱም ይጠራ፤ ሰዓቱን ወደ ጠዋት አምጡት።

አንዳንዴ ደግሞ እንቅልፍ የሚነሣው ሌላ መድኃኒት ነው። ላሲክስን የመሰለ ሽንት የሚያበዛ ኪኒን ማታ የሚውጥ ሰው ሌሊቱን ሽንት ቤት ሲመላለስ ያድራል። ፕሬድኒሶሎን ያነቃል። ዶሉቴግራቪር የተባለውን የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስዱ አንዳንድ ሰዎች እንቅልፍ ያጣሉ፤ ወደ ጠዋት ማዛወሩ ብቻ የሚበቃቸው አሉ። እንቅርት፣ ስኳር፣ የማያቋርጥ ሕመም፣ ድብርት፣ ጭንቀት፣ ሁሉም ሌሊቱን ይነጥቃሉ፤ መታከም ያለባቸው እነሱ ናቸው። መድኃኒት የምትወስዱበትን ሰዓት ግን ሐኪም ሳታማክሩ አትቀይሩ።

ማዘዣው እጃችሁ ሲገባ

ሐኪሙን ሳትፈሩ ጠይቁት። እንቅልፌን የነሣኝ ምን ይመስልዎታል? በዕድሜዬና በጾታዬ የሚበቃኝ ዝቅተኛ መጠን ስንት ነው? ስንት ሌሊት ልውሰደው፣ በየቀኑ ነው ወይስ ሲያስፈልግ? በማግስቱ መንዳት እችላለሁ? መቼና እንዴት ነው የማቆመው? ይህን የሚመልስ ሐኪም ጊዜ ሰጥቷችኋል፤ ያልመለሰውን ፋርማሲስቱን ጠይቁ።

ኪኒኑን ለማንም አታካፍሉ፣ በሰው እጅም አትላኩ። አብዛኞቹ የእንቅልፍ ኪኒኖች በዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ያለባቸው መድኃኒቶች ናቸው። ወደ ዱባይ የምትሄድ እኅታችን ሻንጣዋ ውስጥ የሌላ ሰው ዳያዚፓም ቢገኝባት ጉዳዩ የሕክምና መሆኑ ቀርቶ የፖሊስ ይሆናል፤ የተባበሩት አረብ ኤምሬትስ እንዲህ ያለውን የራስን መድኃኒት እንኳ ለመያዝ ቀድሞ ፈቃድ ይጠይቃል። በስሟ የተጻፈ ማዘዣ፣ በመጀመሪያው ማሸጊያው ያለ መድኃኒትና ፈቃዱ በእጇ ይሁኑ።

ዓመታት ሲውጥ የኖረ ዘመድ ላላችሁ ደግሞ ይህን ልንገራችሁ። ኪኒኑን ዛሬ ማታ ነጥቃችሁ አትጣሉ፤ በድንገት ማቋረጡ አደገኛ ነው። አትውቀሱትም፤ ሐኪም ያዘዘለትን ነው የወሰደው፣ ይቁም ያለውም ሰው አልነበረም። የመድኃኒት ከረጢቱን እንዳለ አንሡና በሚቀጥለው ቀጠሮው አብራችሁት ግቡ። ሐኪሙ ፊት «መቀነስ የምንጀምረው በስንት ነው?» ብላችሁ ጠይቁለትና መልሱን ጽፋችሁ ያዙ፤ በየሳምንቱ የምትከተሉት እሱን ነው።